የጋቢናው ወንበር

ባሌ ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ ሰው ደጅ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን መኪና ገዛ። መኪና ከተባለች ማለቴ ነው። ከአንድ ጡረተኛ ፎቶ አንሺ ግቢ ጥግ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች፣ ዝገት የበላት፣ የሸራ ጣራዋ የተቀዳደደ የድሮ ስፖርት መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ መጣና ግቢያችን መሃል አስወረዳት። እኔ የሶፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሥራ ክፍሌ መስኮት ግቢውን ስለሚያይ፣ እስፒሌን በከንፈሬ እንደያዝኩ ወጣሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መኪና» አለ።

«መኪና መሆኑን ማን መሰከረልህ?»

ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ዞሬ አየኋት። ፊት ሁለት ወንበሮች፣ ከዚያ በኋላ ምንም። በአንደኛው ወንበር ላይ ዶሮ ተኝታለች፤ ከነእንቁላሏ ተጭና መጥታለች። ቀና ብላ ያየችኝ እኔ ያለ ቦታዬ የመጣሁ ይመስል ነው።

«የኋላ ወንበሩስ?»

«የላትም። ሁለት ሰው ነው የምትይዘው።»

«ምን ትሠራልሃለች ታዲያ?»

«እናያለን።»

ባሌ እንዲህ ነው። ከአፉ ቃል ለማውጣት ክሪክ ያስፈልጋል።

ለነገሩ የእኔና የእሱ ጉዳይ ከመጀመሪያውም የወንበር ጉዳይ ነው። ከተጋባን ጀምሮ፣ ሥራዬን ወደ ቤት እስካመጣሁበት ጊዜ ድረስ፣ ከሱቄ የምመለሰው በእሱ አውቶቡስ ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችውን ወንበር እይዛለሁ። ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር የዋለ ሰው የሰው ድምፅ ይናፍቀዋል። ገና አፌን ስከፍት ግን እሱ ዞር ሳይል አንዲት ጣቱን ያነሳና ከራሱ በላይ በብሎን የታሰረችውን የላሜራ ማስታወቂያ ያሳየኛል። «በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ትላለች። አውቶቡሱ በሙሉ ይስቃል። አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን «እህቴ፣ ባልሽ ነው ወይስ ዳኛ?» ብላኛለች። ለእሱ ሕግ ሕግ ነው፤ ሚስትም ብትሆን ተሳፋሪ ናት። ቤት ስንገባ ደግሞ እራቱን በልቶ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። ምላሴ ፀጉር እስኪያበቅል ብነግረው ማንኮራፋቱ ነው መልሱ።

አንድ ጊዜማ ለእድሳት የመጣልኝን ሶፋ ስፈታ ከስፖንጁ ሥር ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘሁ። ሙሉ የላይ ረድፍ! እንዲህ ያለ ወሬ በሰው ዕድሜ ስንቴ ይገኛል? እየሮጥኩ አውቶቡስ ገባሁና «ዛሬ ሶፋ ውስጥ ምን እንዳገኘሁ ታውቃለህ? ጥርስ!» ስለው ያቺ ጣት ተነሳች። ወሬዬም እዚያው ቀረች። እውነቴን ነው፣ ብዙ ቀን ቅር ብሎኛል።

ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ያቺኑ ማስታወቂያ ከአሮጌው አውቶቡስ ፈትተው ለማስታወሻ ሰጡት። እሱም ሳሎን ውስጥ ልክ ከምቀመጥበት ፊት ለፊት ሰቀላት። በጨርቅ እየወለወለ ሲያያት የልጅነት ፎቶውን የሚያይ ነው የሚመስለው።

እና ባለ ሁለት ወንበሯን መኪና ሳይ፣ ውጫዊ ቁጣዬ እንዳለ ሆኖ፣ ልቤ ሌላ ነገር አሰበ። ትኬት ቆራጭ የለ፣ ተሳፋሪ የለ፣ ከኋላ ተቀምጦ ማጅራት ማየት የለ። ጋቢና ገብቼ፣ ጎኑ ተቀምጬ፣ ፊቱን እያየሁ አወራዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ወንበሯ ወዲያው ባለቤት በዛባት። አማቴ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ከዘራቸውን ይዘው ወጡና መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው «እሰይ!» አሉ። «እንግዲህ ልጄ ጎን ቁጭ ብዬ ከተማውን አያለሁ። የፊት ወንበር የእናት ነው።»

«ልክ ነው እማማ» አልኩ ቆሽቴ እያረረ። ምን ይባላል? እንኳን እኔ፣ ሌላም ሰው ለአሮጊት የፊት ወንበር ይለቃል። ፊት ብቻ ያላት መኪና መምጣቷ ነው የኔ ዕድል።

በሦስተኛ የተነሳው ታናሽ ወንድሜ ነው። በያጅ ነው፤ ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ላሜራ የሚበይደው እሱ ስለሆነ ገና መሣሪያውን ሳያወርድ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጋቢና ካላስቀመጥከኝ እህቴን ትመልስልኛለህ» አለው።

«ውሰዳት» አለ ባሌ። ለቀልድ ሲሆን ቃል አያጣም።

ሥራው ተጀመረ። ባሌ ሞተሩን አወረደና እያንዳንዷን ዕቃ በናፍጣ አጥቦ በጥሩ አንሶላዬ ላይ ደረደራት። አማቴ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ብሎኑን ከዳዶው፣ ትልቁን ከትንሹ እንደ ምስር ይለቅማሉ። ወንድሜ ሥራ በሌለው ቀን እየመጣ በሮቹንና መከለያዎቹን ይበይዳል። እኔ ለይስሙላ ማጉረምረሜን አላቆምኩም፤ ነገር ግን ከስፌት መኪናዬ ቀና ስል በመስኮቱ የማየው ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰውዬው መኪናዋ ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል፤ ጫማው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ በሆነ ዜማ እየተወዛወዘ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያ እግር እንዲህ ተወዛውዞ አያውቅም ነበር።

«አይዞሽ» ይሉኛል አማቴ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እስካሁን የሄደችው ዶሮዋ ናት እማማ።»

የወንበሮቹ ሥራ የኔ ሆነ። የበሰበሰውን ልብስ ቀድጄ ጣልኩ፤ ሽቦውን አስተካከልኩ፤ ስፖንጅ ቆረጥኩ፤ ቡናማ ቆዳ መርጬ ድርብ ስፌት ሰፋሁት። የሹፌሩን ወንበር በባሌ ልክ ሠራሁ፤ ጀርባው የት ጋ እንደሚያመው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የጋቢናውን ወንበር ግን፣ ኃጢአቴን ልናገር፣ በሬን ዘግቼ መሬት ላይ አስቀምጬው ራሴ እየተቀመጥኩበት ነው የሞላሁት። ልክ በዳሌዬ፣ ልክ በወገቤ። ሰው አፉ ቢታሰር እጁ አይታሰርም።

አንድ ቀን ከሥራ ክፍሌ ወጥቼ ሳሎን ስገባ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ማስታወቂያዋ የለችም። በቦታዋ ነጣ ያለ አራት ማዕዘንና የሚስማር ቀዳዳ ቀርቷል። ሮጬ ወጣሁ።

«ማስታወቂያዋስ?»

ባሌ ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ «ሥራ ገብታለች» አለ።

በቃ፣ ገባኝ። እዚያችው መኪና ውስጥ፣ እዚያው አፍንጫዬ ሥር ዳሽቦርዱ ላይ ሊያስራት ነው! እንኳን ከአውቶቡሱ ወረደች ስል ጋቢና ልትቀድመኝ! አማቴንስ እሺ፣ እናት ናቸው። በላሜራ መቀደም ግን አንጀቴን አሳረረው።

ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ወንድሜ መኪናዋ አጠገብ አላስደርስ አለኝ። የወለሉን ምንጣፍ ልለካ ሜትሬን ይዤ ስወጣ እጁን ዘርግቶ አገደኝ።

«እታለም፣ ተመለሺ። የብየዳው ብርሃን ዓይንሽን ያጠፋዋል።»

«አሁን መች ትበይዳለህ? መሣሪያህ ጠፍቷል እኮ!»

«ሊበራ ነው» አለና ባሌን አየው። ባሌ ደግሞ ሰማዩን አየ። በኋላ የወለሉን ቅርጽ ካርቶን ላይ ቆርጠው አመጡልኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ራሴ ሳልለካ የቆረጥኩት ጨርቅ የለም! ሆድ ይፍጀው ብዬ ካርቶኑን ተቀበልኩና ምንጣፉን ሰፋሁ። ከዚያ ወዲያ አኮረፍኩ። እኔ ሳኮርፍ ደግሞ ቤቱ ያስታውቃል።

«ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ አማቴ። «ሬዲዮ የተዘጋ ይመስላል።»

ነገርኳቸው፤ የማስታወቂያዋን ነገር ብቻ፣ የወንበሯን አይደለም። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ሳቁ። «እኔ እናቱ ስሆን ያልከፈትኩትን አፍ አንቺ ልትከፍቺው? ያም ሆኖ፣ ልጄ ልበ ድፍን አይደለም። ታገሺ።»

ሞተሩ የተነሳ ቀን ግን ኩርፊያዬን ጠብቄ ማቆየት አልቻልኩም። መጀመሪያ አሳላት፤ ከዚያ ነጭ ጭስ ተፋች፤ ጠፋች። ባሌ ካቻቢቴውን ይዞ ካርቡራተሩ ውስጥ አንዲት ነገር ትንሽ ዞር አደረገና እንደገና ሞከራት። ተነሳች! ድምፅዋ እየጠራ፣ እየረጋ መጣ። ባሌ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ማኮረፌን ረስቼ ሳጨበጭብ ተያዝኩ።

የመጀመሪያው ጉዞ በማግስቱ ሆነ። መኪናዋ ጠቆር ያለ ቀይ ተቀብታ፣ አዲስ የሸራ ጣራ ለብሳ ፀሐይ ላይ ስትቆም እውነቱን ለመናገር ታምራለች። አማቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ አዲስ ሻሽ አስረው ወጡ። ባሌ አንድ እጃቸውን፣ ወንድሜ ሌላውን፣ እኔ ወገባቸውን ይዘን ወደ ጋቢና አስገባናቸው። አወረድናቸው ማለት ይሻላል፤ መኪናዋ ከመሬት ከፍ ያለች አይደለችማ። ሰምጠው ሰምጠው በመጨረሻ ሻሻቸው ብቻ ቀረ።

«ተመቸዎት እማማ?»

«ወንበር ነው ጉድጓድ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሷል! ኧረ አውጡኝ! በቁሜ አልቀበርም!»

ማውጣቱ ከማስገባቱ ባሰ። ወንድሜ ከብብታቸው ሥር ይዞ ሲያነሳቸው ከዘራው በሩ ላይ ተሰነቀረ፤ ባሌ «ቀለሙን! ቀለሙን!» ይላል፤ እሳቸው «ቀለም ከእናትህ ይበልጣል?» ይላሉ። እንደምንም ቆሙ። ሻሻቸውን አስተካከሉና በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«አንቺ ግቢ። ጉልበት ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«እኔስ?» አለ ወንድሜ።

«አንተ በር ክፈት።»

ሳልፋቸው ክንዴን ያዝ አድርገው በጆሮዬ «ወንበሩ በማን ዳሌ ልክ እንደተሰፋ የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አሉኝ። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር።

ገባሁ። ወንበሩ ልክ እንደሠራሁት ያዘኝ። ዓይኔ ግን ወዲያው ማስታወቂያዋን ፍለጋ ሄደ። ዳሽቦርዱ ላይ የለችም። በሩ ላይ የለችም። ከራሳችን በላይ ሸራው ባዶ ነው። እፎይ አልኩ። ጎኔ የተቀመጠውን ሰው አየሁት፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ መስታወቱን አስተካክሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቁጭ ብሏል። አይሄድም።

«ምን እንጠብቃለን?»

ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው። ነገሩ የገባው ወንድሜ ነው። ከኋላ መጣና አካሏን ሁለቴ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እንደ ትኬት ቆራጭ «ሳበው!» ብሎ ጮኸ። ባሌ ይህን ሲሰማ ነው የሄደው።

ሰው ከልማዱ ጋር እንዴት ይጣበቃል! መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ያቺን አጭር መኪና ረጅም ጅራት ያላት ይመስል መንገዱን በሙሉ ይዞ፣ በሰፊው አዞራት። ዋናው ጎዳና ላይ ስንወጣ ደግሞ ፍሬቻ አበራና ወደ ዳር ወጥቶ ቆመ። የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። ትንሽ ጠብቆ ተነሳ። የሚቀጥለውም ፌርማታ ላይ ቆመ። የራሱን የድሮ መስመር ነበር የያዘው። ሦስተኛው ላይ ዘንቢል የያዘች ሴት ጎንበስ ብላ «ወደ ገበያ ይሄዳል?» አለችኝ።

«ሞልቷል እህቴ» አልኳት።

ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር እየሆነ ዝም ማለት ይቻላል? ወደ እሱ ዞር ብዬ «አየሃት ሴትዮዋን፣ የት ልትቀመጥ አስባ ነው? እኔ ላይ?» ማለት ስጀምር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አንዲት ጣቱን አነሳ። ወደ ላይ። ወደ ባዶው ሸራ።

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ልቤ ስብር አለ። ለካ ላሜራዋ ባትኖርም ጣቱ አለች። ለካ ጎኑ ተቀመጥኩም ጀርባው ተቀመጥኩም ያው ተሳፋሪ ነኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ የሱቅ በር ስቆጥር ሄድኩ። ባሌም በየፌርማታው እየቆመ ነዳ።

መጨረሻው ፌርማታ አውቶቡሶች የሚዞሩበት፣ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ሜዳ ነው። ጥላ ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። በጉዞ ላይ አልነበርንምና ተናገርኩ።

«ማስታወቂያዋን ትተህ ጣቷን ብቻ ይዘህ መጣህ?»

«የቷን ጣት?»

«ያነሳሃትን ነዋ! አሁን፣ ሴትዮዋ ጋ!»

ጣቱን ትኩር ብሎ አያት። የሌላ ሰው ጣት ያየ ነው የሚመስለው። ከዚያ ፊቱ ቀላ። ማንሳቱን ጭራሽ አላወቀም ነበር።

«እኔን!» አለ። «ይቅር በይኝ። እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም።» ጣቱን በሌላኛው እጁ ሸፈነና «ማስታወቂያዋን ግን የት እንዳለች አላየሽም?» አለኝ።

«ስፈልጋት ነበር። የለችም።»

«ከገባሽ ጀምሮ ረግጠሻት የለም እንዴ!»

ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ሥር የሰፋሁትን ምንጣፍ ገለጠው። እዚያ ነበረች። ዳር ዳሯ በብየዳ ጠቁሮ፣ ከመኪናዋ ወለል ጋር አንድ ሆና። ፊደሎቿ ጭስ ቢነካቸውም ይነበባሉ። «በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።» ልክ ከሁለቱ ጫማዎቼ ሥር።

«በአንቺ በኩል ወለሉን ዝገት ጨርሶት ነበር» አለ። «ወንድምሽ ሌላ ላሜራ አመጣለሁ አለኝ። አይሆንም፣ ይቺ ትሁን አልኩት። ለዚያ ነው እንዳታዪ የከለከልንሽ። አሁን ሥራዋ እግርሽን መያዝ ነው።» መሪውን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «የጣቴ ነገር ነው እንግዲህ። እሷን የሚበይድልኝ የለም።»

ባሌ ከተጋባን ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በየሳምንቱ የሚወለውላትን፣ ከአውቶቡሱ የቀረችለትን ብቸኛ ነገር፣ እግሬ ሥር አደረጋት። እግሬን ላነሳ ስል ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ።

«ርገጫት» አለ። «ጠበቅ አድርገሽ።»

ረገጥኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሞተሩን አስነሳ። ሜዳውን እንደ አውቶቡስ በሰፊው ዞሮ ወደ መጣንበት አቀና። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሊቆም ፍሬቻውን ካበራ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ጥርስ» አለ።

«የምን ጥርስ?»

«ሶፋው ውስጥ ያገኘሽው። የማን ነበር?»

ዞሬ አየሁት። መንገዱን ነው የሚያየው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። «እሱን ታስታውሳለህ? ያኔ ጣትህን አንስተህብኝ አልነበር!»

«ጣት አነሳሁ እንጂ ጆሮዬን መች ዘጋሁ? ስንት ዓመት ሙሉ የማን ይሆን እያልኩ ስነዳ ነው የኖርኩት። ለመጠየቅ አፈርኩ። በይ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ጥርሱ የባለ ሶፋዋ ባል ነበር። ሚስቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለው አታውቅም። ሶፋው ላይ ተኝቶ ወልቆ ይጠፋበታል፤ እንዳይታወቅበት አፉን በመሐረብ ይዞ ጉንፋን ነው እያለ ቃል ሳይናገር ይሰነብታል። እሷ ደግሞ ዝምታውን እንደ ትሕትና ቆጥራው ለጎረቤት ሁሉ «ባሌ ዘንድሮ ጨዋ ሆነ» እያለች ስታወራ፣ እኔ ጥርሱን በላስቲክ ጠቅልዬ በሯን አንኳኳሁ!

ባሌ ሳቀ። መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «እና ምን አለች? እሱስ? ሲያይሽ ምን ሆነ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም እየጨመርኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ፊቱን እያየሁ አወራለሁ። በመሃል ቀና ብዬ መንገዱን ሳይ ያቺ ዘንቢል የያዘች ሴት ከመንገዱ ማዶ አሁንም ከነዘንቢሏ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ እኛ እሷን አልፈናት ስንሄድ በዓይኗ ስትሸኘን አየኋት።

«አንተ! ፌርማታውን አለፍከው እኮ!»

«የቱን ፌርማታ?» አለ፤ «ቀጥይ እንጂ።»